ክፍል ሁለት የቀደመበት ጁምዓ

ባለፈው ሳምንት ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚኒባስ ስመለስ ከመንገዱ ዳር ካለ የማሽላ ማሳ ውስጥ አንድ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሲዲ ነው። በክር ታስሮ ከእንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ነፋሱ ባሽከረከረው ቁጥር ፀሐይዋን እየረጨ ወፍ ያባርራል። አንድም አይደለም፣ ማሳውን ዙሪያውን ከበውታል። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አየችኝና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ምን ታድርግ፣ እብድ መስያት ነው።

እኔ ያሳቀኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ አንዱ የካራቴ ፊልም ይሆናል እኮ! አንድ ዘመን ያገሬውን ሰው ሰሊጥ ጆንያ ላይ አስቀምጦ ሲያስጮህ የነበረ፣ ዛሬ ድንቢጥ ያስደነግጣል። ወይ ጊዜ! አንቺ ያን ጊዜ አልተወለድሽም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ መተማ ገበያው ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ሰሊጥ የሚያከማቹበት የቆርቆሮ መጋዘን። ታላቅ ወንድሜ ከድንበሩ ማዶ ቴሌቪዥንና የሲዲ ማጫወቻ ገዝቶ መጣና፣ አባቴን ለምኖ ለምኖ መጋዘኑን ቪዲዮ ቤት አደረገው። የተፈቀደለት ግን ጁምዓ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሙቀቱ ሰውን ከጥላ ወደ ጥላ በሚያሳድድበት ሰዓት። መጋዘኑስ ከውጭው ይብስ ነበር። የሰሊጡ ዘይታም ሽታ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ የስድሳ ሰው ላብ... ቆርቆሮው በየምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን እንደ ክር ያሾልካል፣ አቧራው በዚያ ብርሃን ውስጥ ይጨፍራል። አሁን ያን ሽታ ከየትም ባገኘው ቁጭ ብዬ አሸተው ነበር።

ፊልሞቹ የሚመጡት ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ገበያ ነው። ሁሉም ካራቴ። እኛ ዘንድ በጡጫም ይሁን በሰይፍ፣ ቻይናም ይሁን ሌላ አገር፣ ሰው አየር ላይ ከበረረ ካራቴ ነው፣ አለቀ። አንዱ ፊልም በሁለት ሲዲ ይመጣል፤ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት። ሰዎቹ በቻይንኛ ይጮሃሉ፣ ከሥራቸው የዐረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ታዲያ ይህን ማን ያንብብ? እኔ ነኛ!

አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርኣን ቤት አስገብተውኝ ስለነበር የዐረብኛ ፊደል ማንበብ ለእኔ ውሃ መጠጣት ነው። ፊደሉን ማለቴ ነው፣ ትርጉሙን አይደለም። ማንበብና መረዳት ለየቅል መሆናቸውን እኔና ያስተማሩኝ ሸኽ እናውቃለን፤ አባቴ አያውቁም፣ ወይም አያውቁም ብዬ አስብ ነበር። እሳቸው በዐረብኛ ይነግዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። "ልጄ ዐረብኛ ታነባለች" ሲሉ ጥምጥማቸው ራሱ ከፍ የሚል ይመስለኝ ነበር። እኔ የማውቀው ደግሞ የገበያ ዐረብኛ ነው። ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ወላሂ አያዋጣኝም። በዚህ የካራቴ ፊልም አይተረጎምም።

የመጀመሪያው ቀን ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር አስቀምጦ "አንብቢ!" አለኝ። ሌላው ሁሉ ጆንያ ላይ ነው፣ ወንበሯ አንድ ናት። ጽሑፉ መጣና ሄደ። ከመስመሩ ውስጥ የያዝኩት ሁለት ቃል ነው፤ "ነገ" እና "ውሃ"። ስድሳ ሰው አፍ አፌን ያያል። እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ አፌን ከፍቼ "ነገ ወንዙ ዳር እንገናኝና ይለይልናል!" አልኩ። አያድርስ ነው! ቀጥሎ የመጣው ሥዕል ወንዝ ዳር፣ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው። ቤቱ በፉጨት ተናጋ።

ያ ዕድል አበላሸኝ። ከዚያ በኋላ የምይዘውን ቃል እይዛለሁ፣ የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ። ሽማግሌውን የአክተሩ አያት አደርጋለሁ፣ ቆንጆዋን የጠላቱ እህት አደርጋለሁ፣ የማልወደውን ሰው ሌባ ነው እላለሁ። ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ይራገማል። እኔ እኮ ገበያ መሐል ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ የምመልስ ልጅ ነበርኩ! ቪዲዮ ቤት ሴት ልጅ አትገባም፤ በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ሴት የነበርነው እኔና ሻይ ሻጯ ብቻ ነን። እኔን ያስገባችኝ ያቺ ወንበር ናት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከቅዳሜ ጀምሬ ጁምዓን እጠብቅ ነበር።

አባቴ ግን ከመጀመሪያው አስጠንቅቀውኛል። "የምታውቂ ከሆነ ተቀመጪ፣ ማንም አይነካሽም። የማታውቂውን አውቃለሁ ብለሽ በሰው ፊት ብታዋርጂኝ ግን የዚያኑ ቀን መጋዘኑን እዘጋዋለሁ፤ አንቺም ጎንደር አክስትሽ ዘንድ።" አባቴ የተናገሩትን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ደግሞም ፊልም የሚባል ነገር አይወዱም፤ ጁምዓ ከሰዓት ጋደም ይላሉ፣ ወደ መጋዘኑ ዝር አይሉም።

አንድ ጁምዓ ግን መጡ። ያውም ብቻቸውን አይደለም። ከኋላቸው ረጅም፣ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሱዳናዊ አስከትለዋል፤ ከአባቴ ሰሊጥ የሚገዙ የገዳሪፍ ነጋዴ ናቸው። ከንግዱ በፊት መምህር እንደነበሩ ሰምቻለሁ። እሱ ባልከፋ፤ መነጽር አድርገዋል! መነጽሩን ሳይ ነው ያለቀልኝ። ከኋላ ቢቀመጡ አያነቡትም ብዬ የያዝኳት ተስፋም እዚያው ሞተች።

"ልጄ እቺ ናት" አሉ አባቴ። እንግዳው ፈገግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ፊት ለፊቴ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ከጎናቸው። ጎንደር ያለችው አክስቴ፣ እጇ ላይ ያለው ረጅም ዱላዋ ሳይቀር ታየችኝ።

ወንድሜ ምንም አያውቅም፣ ደስ ብሎት ይሯሯጣል። አዲስ ፊልም ነው የያዘው። ሁለቱም ሲዲ ላይ አንድ ዓይነት ዘንዶ ተስሏል፣ ቁጥሩ ከመንገድ መታሸት ተፍቋል። አንዱን አንሥቶ በሸሚዙ ጠረገና ከተተው።

ፊልሙ ሲጀምር የለየለት ጦርነት ነው። ስም የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ፊቱ የተቃጠለ ሰውዬ ጥቁር ለብሶ ያገኘውን ይጥላል። እኔም ጀመርኩ። ያው የለመደበት አፍ ነው፣ ወረደ። "ይህ ሰው አገሩን የበሉበት ነው፣ ፊቱን ያቃጠሉት ቤቱ ውስጥ ነው" እያልኩ ሄድኩ። በሰዓቱ መጨረሻ ሰውዬው ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበትን ጠላቱን ከደረጃ አናት ወረወረው። ከዚያ መቃብር ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፣ ሙዚቃ መጣ፣ የስም ዝርዝር ወረደ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ዓይኔ ወንድሜ እጅ ላይ ባለው ሌላኛው ሲዲ ላይ ቀረ። የስም ዝርዝር የሚወርደው ፊልም ሲያልቅ ነዋ!

እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው በጀላቢያቸው ጫፍ አበሱ። አባቴ ሻይ አዘዙላቸው። ወንድሜ ሁለተኛውን ሲዲ ከተተ።

ምን ብናይ ጥሩ ነው? ያ አሁን ደረጃ ለደረጃ ተንከባልሎ የሞተው ባለጠባሳ፣ ቁጭ ብሎ ሩዝ ይበላል! ፊቱ የተቃጠለው ሰውዬ ደግሞ ፊቱ እንደ ሕፃን ለስልሶ፣ በትከሻው ባልዲ ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ጢሙ የነጣ መምህር በዱላ ቂጡን ይመታዋል። ሰው መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥሎ እኔን ማየት ጀመረ።

ከፊት የተቀመጠ ለአጨዳ የመጣ ጎጃሜ ነበር፣ ጠያቂ ሰው። "እንዴ! ያ የሞተው ሰውዬ ተነሣ እኮ! ምን ጉድ ነው?"

"መንታው ነው" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"መንታውም እዚያው ቦታ ላይ ጠባሳ አለው?"

"አብረው ነዋ የተፈነከቱት! በልጅነታቸው፣ ከአንድ ዛፍ ላይ ወድቀው።"

ሰው ሳቀ። ጎጃሜው ራሱን እየነቀነቀ "መቼም እናታቸው አሳር አየች" አለ። እኔ ትንፋሼን ሰብስቤ ቀጠልኩ። ባልዲ ተሸካሚው የዚያ ፊቱ የተቃጠለው ሰው ልጅ ነው አልኩ፣ ቁርጥ አባቱን የመሰለ። አባቱ ደሙን መልሶ ከአገር ስለተሰደደ፣ ልጁ የሰው ውሃ ቀጂ ሆኖ ቀረ። ሰው "ወይኔ ልጁን" ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። በጎን እንግዳውን አየኋቸው። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ተናደዱ ብዬ ደነገጥኩ።

ችግሩ የመጣው መጨረሻው ላይ ነው። ባለጠባሳው መምህሩን ገደለው። ልጁ አለቀሰ፣ ዱላውን አነሣ፣ ዝናብ ውስጥ ብቻውን ሄደ፣ አንድ ሌላ ሽማግሌ ፊት ደርሶ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠና ተንበረከከ። እዚያ ላይ ድርግም። ጥቁር ሆነ፣ አለቀ! አሁን ሲገባኝ፣ አስተምረኝና ልበቀል ማለቱ ነበር። ያን ጊዜ ግን ቤቱ ቀወጠው። "ተበቀለ ወይስ አልተበቀለም?" "አክተር እንዴት ሳይመታ ይቀራል?" ከኋላ አንድ ከአርማጭሆ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ጋቢውን እንደ ዳኛ አጣፍቶ የሚቀመጥ፣ በዘመዶቹ መሐል ደም ያለበት ሰው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። እሱ ብድግ አለ። "ቆይ፣ ልጅቱ ትናገር። የመምህሩ ደም ምን ሆነ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጄኔሬተሩ ብቻ ይጮሃል። አባቴ አገጫቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

በዚህ አገር አንድ ሰው መሣሪያውን መሬት አስቀምጦ ሽማግሌ ፊት ከተንበረከከ ትርጉሙ አንድ ነው። እኔም የማውቀውን ተናገርኩ። "ልጁ እንዲህ አለ፤ የአባቴ ጠላት ሞቷል፣ የእሱ መንታ ደግሞ መምህሬን ገደለ፣ እኔ እሱን ብገድል የእሱ ልጅ እኔን ይገድላል፣ ይህ ነገር ማለቂያ የለውም። አባቴ ሆይ፣ ዱላዬን አስቀምጫለሁ፣ አስታርቁን። ሽማግሌውም፣ ልጄ ተነሥ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደሙ ደርቋል አሉት።"

ያ የአርማጭሆ ገበሬ "እሰይ! ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው! ቻይናም ሽማግሌ አለው ለካ!" ብሎ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወረወረ። ቤቱ በጭብጨባ ፈረሰ። ጎጃሜው ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያብሳል፤ "ላቡ ነው" ይላል ማንም ሳይጠይቀው።

ጭብጨባው ሲበርድ አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እንግዲህ እርስዎ መምህር ነዎት። ልጄ እንዴት ናት?" አሏቸው። ወንበሯን ጨብጬ ያዝኳት።

እንግዳው ቀስ ብለው ተነሡ። ዓይናቸው በዕንባ ረጥቧል፤ የሳቅ ዕንባ መሆኑን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። በተሰባበረ አማርኛቸው "ወላሂ፣ ሃያ ዓመት ልጆች አስተምሬያለሁ። እንዲህ የምታነብ ልጅ አይቼ አላውቅም" አሉ። ሰው እንደገና አጨበጨበ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዳው ሲወጡ በአጠገቤ አለፉና ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ክፍል አንድ መጀመሪያ ይሁን" አሉኝ በጆሮዬ።

ያን ዕለት እግሬ መሬት አልነካም። ተረፍኩ! ዳሩ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም በነጋታው ሳስበው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይመጣም ብዬ ፈራሁ። በአሥረኛው ቀን ግን አንድ የጭነት መኪና ነጂ ካርቶን አምጥቶ ሱቁ ደጃፍ አወረደ። የዐረብኛ የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፣ በሥዕል። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላትም አለበት። አባቴ "እንግዳው ላኩልሽ" አሉና ሚዛናቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔም አቀረቀርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሱቅ ስጠብቅም፣ ወጥ ሳማስልም መጽሐፌ ከእጄ አልጠፋም። ቀስ በቀስ ያ የሚሮጠው ጽሑፍ ሩጫውን ቀነሰልኝ።

እና ምን ሆነ መሰለሽ? እውነተኛውን መተርጎም ስጀምር ሰው አጉረመረመ! "ምነው ፊልሙ ቀዘቀዘ?" "ድሮ ፊልም ቀረ እቴ!" አለ ያ ጎጃሜ፣ በሌላ ዓመት ለአጨዳ ተመልሶ። ወንድሜ ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝና "እባክሽ ትንሽ ትንሽ ጨምሪበት" ብሎ ለመነኝ። እኔም አልጨከንኩም፣ አንዳንዴ ጣል አደርግ ነበር።

ኋላ ዲሽ መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ሰው ፊልሙን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። መጋዘኑ ወደ ሰሊጡ ተመለሰ። እኔ ያ ዐረብኛ እንጀራ ሆነልኝ። ይኸው ድንበሩ ላይ ከወዲያ ሸሽተው ለሚመጡት አስተረጉማለሁ። አሁን በሚነገረኝ ላይ አንዲት ቃል አልጨምርም፤ የሰው ጭንቀት የሚጨመርበት አይደለም። ከገዳሪፍ በኩል ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ረጅም ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ግን ፊቱን ሳላይ አላሳልፈውም።

አባቴ አምና ታመሙ። ከሰዓት ከሰዓት ሙቀቱ ሲጠና ራኩባው ሥር፣ ከሣር ጥላው በታች፣ አልጋቸውን እናወጣላቸው ነበር። አንድ ቀን እግራቸውን እያሸሁ ሳለ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። "አባባ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያ ሱዳናዊ እንግዳ የመጡ ጊዜ እኔ ምንም ዐረብኛ አልገባኝም ነበር። ሁሉንም ከልቤ ነው የፈጠርኩት።"

ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው። ውሃ ሰጠኋቸው።

"አንቺ ደግሞ! እኔ አይደለሁም እንዴ ሰውዬውን የለመንኳቸው? 'ልጄ አታውቅም፤ የማታውቅ መሆኗን የማውቅ አይመስላትም፤ በአላህ በሰው ፊት አያሳፍሯት፤ አይተው መጽሐፍ ይምረጡላት' ብዬ ነው ያመጣኋቸው።"

እጄ እግራቸው ላይ ቀረ። "በምን አወቁ?"

"የበግ መዥገር መግደያ ገዝቼ፣ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ዐረብኛውን አንብቢልኝ ብዬ ጠርሙሱን ብሰጥሽ ምን አልሽኝ? 'አባባ፣ ለወገብ ነው፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ'። አላህ አወጣኝ እንጂ ገድለሽኝ ነበር እኮ!"

እኔ ፈጽሞ አላስታውሰውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ታዲያ እዘጋዋለሁ ብለው አልነበረም?"

"ብዬ ነበር። ዘግቼ ጁምዓን ምን ላድርገው?"

ለካ የጁምዓ ከሰዓት መኝታቸው ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ጋር የተጣበቀች ነበረች። ለካ አንድም ጁምዓ አልተኙም። ሥዕሉን ሳያዩ፣ ቻይንኛውን ሳይሰሙ፣ የእኔን ድምፅ ብቻ ሲሰሙ ኖረዋል። ለአንድም ሰው ትንፍሽ ሳይሉ!

"ከሁሉ ያቺ በቅሎዋ ትበልጣለች" አሉ። "የትኛዋ በቅሎ?" አልኩ። "ዓይኑ የጠፋ አባቷን በበቅሎ ጭና ተራራ የወጣችዋ ልጅ ናታ!" "ቻይና ውስጥ በቅሎ?" "እኔን ትጠይቂኛለሽ? አንቺ ነሽ ያልሽው!"

ይነግሩኝ ጀመር። ልጅቷ ምን እንደለበሰች፣ አባቷ በቅሎዋ ላይ ሆኖ ምን እያለ እንደሚያጉረመርም፣ ሌቦቹ እንዴት እንደተከተሏቸው። ድምፄን እየቀዱ፣ እኔ ቆም በምልበት ቆም እያሉ። እኔ ፈጽሞ የረሳሁትን ታሪክ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አዳመጥኳቸው። ልጅቷ ገደል ላይ ከተዘረጋ የገመድ ድልድይ ደረሰች፤ በቅሎዋ አልራመድ አለች፣ ሌቦቹ ከኋላ ደረሱ። እዚያ ላይ ዓይናቸው ተከደነ፣ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አልቀሰቀስኳቸውም። ነገ ይጨርሱልኛል ብዬ ነጠላዬን አለበስኳቸው።

በነጋታው ጠያቂ በዛ፣ በማግስቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ወንድሜን ጠየቅሁት፣ አያስታውስም። ሻይ ሻጯንም ጠየቅኋት፣ በቅሎ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም አለች። እኔም ቁጭ ብዬ ስንት መጨረሻ ሞከርኩላት፣ አንዱም የዚያን ጊዜው አይደለም። ልጅቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ አባቷን ይዛ እንዴት እንደተሻገረች ግን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።